ለሙባረክ የሚሆን ላፕቶፕ

አብዱልሰላም ጥቁሩን ላፕቶፕ ከላይኛው መደርደሪያ አውርዶ ሲያስቀምጠው ጠረጴዛው ተንገጫገጨ። ያገለገሉ ኮምፒዩተሮች የሚሸጥ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ ቀልደኛ ሱዳናዊ ነው። "ያ ዞል፣" አለው ተድላን፣ አንተ ሰው ማለቱ ነው፣ "ይሄም ካልሆናችሁ ከእንግዲህ ከዱባይ የማስመጣላችሁ ላፕቶፕ ሳይሆን ቃዲ ነው። እሱ ያጋባችሁና እኔም ሱቄን በጊዜ ልዝጋ።"

ሉጥፊያ ሳቋን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። ተድላ ግን አልሳቀም። ማሽን ፊት ሲቀመጥ አይስቅም። መጀመሪያ ገልብጦ የሥሩን ብሎኖች አንድ በአንድ አየ፤ የብሎን ጥርስ ከተበላ ማሽኑን ያልሠለጠነ እጅ ከፍቶታል ማለት ነው። ቀጥሎ የአየር መውጫውን በባትሪ እያበራ አቧራውን መረመረ። ከዚያ ከቦርሳው ሃርድ ዲስክ አውጥቶ የኳስ ጨዋታውን ጫነ፣ ሁለቱን ጆይስቲኮች ሰካና ዓይኗን ሳያይ አንዱን አቀበላት።

ተድላ የጎንደር ልጅ ነው። ኸርጡም፣ ዴም ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒዩተርና ሞባይል ይጠግናል። ሉጥፊያ ደግሞ የወሎ ልጅ ናት፤ ጀብራ ሰፈር በአንድ ነጋዴ ቤት ታጥባለች፣ ትተኩሳለች፣ ታበስላለች። ከሳምንቱ ውስጥ የራሷ የሆነው አርብ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ይህንኑ ጊዜዋን ካለፈው የረመዳን ማግስት ጀምሮ በእነዚህ የኸርጡም ሱቆች ውስጥ፣ ከዚህ ሰው ጎን ተቀምጣ፣ በጠራራ ፀሐይ ኳስ ስትጫወት ታሳልፈዋለች።

ነገሩ የተጀመረው በወንድሟ ነው። ሙባረክ ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ አንዲት ክፍል አግኝቶ ጌም ቤት ሊከፍት ፈለገ። በቴሌቪዥን የሚሠራውን ማጫወቻ እንዳይገዛ መብራቱ በፈረቃ ሆኗል፤ ላፕቶፕ ቢሆን ግን መብራት ሲጠፋም ቢያንስ አንድ ግጥሚያ ያስጨርሳል፤ ተጫዋች በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ለሰው ሞባይል ዘፈን ይጭንበታል። ሉጥፊያ ይህን ይዛ ተድላ ዘንድ መጣች። እሱም ቀጫጭኖቹና የሚያማምሩት ለጽሕፈት እንጂ ለጨዋታ እንደማይሆኑ፣ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ከባድ ማሽን እንደሚያስፈልጋት፣ አዲሱ ግን ከአቅሟ በላይ መሆኑን በትዕግሥት አስረዳት። ስለዚህ አሮጌ መምረጥ ነው። ያለቀ ባትሪ ይቀየራል፣ የተሰነጠቀ ክዳን ይለጠፋል፤ ግራፊክሱ በሙቀት የተጎዳ ማሽን ግን ለጊዜው እየሠራ ቆይቶ አንድ ቀን ስክሪኑ መስመር በመስመር ይሆናል። ይህን ለማወቅ ደግሞ መጫወት እንጂ ማየት አይበቃም።

ተጫወቱ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሲያልቅ ተድላ ቻርጀሩን ነቀለ። ሁለተኛው አጋማሽ በባትሪ ሄደ። ምስሉ አልተንቀጠቀጠም፣ ፋኑም አልጮኸም። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ እንደ ልማዱ የእጁን ጀርባ በፊደሎቹ ግራ በኩል አሳረፈ፤ እሷም እንዳስተማራት የራሷን እጅ ከእሱ እጅ አጠገብ አኖረች። ማሽኑ ለብ ያለ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ለብ ብቻ። ሁለቱም እጃቸውን ለማንሳት አልቸኮሉም።

"ተገኘ ማለት ነው?" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ተድላ ክዳኑን ከፈተና ዘጋ። እንደገና ከፈተው። "ማጠፊያው ላልቷል፣" አለ። "ልጆች ሲከፍቱ ሲዘጉ ይነቀላል። ይህን ለወንድምሽ መላክ አይሆንም።"

አብዱልሰላም ሰማይ ሰማይ አየ። ሉጥፊያም ወደ ስክሪኑ ጎንበስ እንዳለች ክዳኑን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽም አልተንቀሳቀሰም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ፤ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነበር። እሷም "እንግዲህ ሌላ ይፈለጋላ" አለች። ወደ ፀሐዩ ሲወጡ በደረቷ ውስጥ የፈሰሰው ነገር ደስታ ነበር። ከደስታው ሥር ምን እንዳለ ግን ጎንበስ ብላ ማየት ፈራች።

* * *

እነዚህ ሁለት ሰዎች የልባቸውን ተነጋግረው አያውቁም። ተድላ ማተብ አለው፤ እሷ ሶላቷን የማታቋርጥ ሴት ናት። አባቷ ከሞተ ወዲህ ሊድራትም ሊከለክላትም የሚችለው ወንድሟ ነው። አንድ ጊዜ፣ ከሱቅ ወጥተው መንገድ ዳር ሻይ ሲጠጡ፣ ስለ ምን እንዲህ እንደሚጠነቀቅ ጠይቃው ነበር። ተድላ ብርጭቆውን እያዞረ ብዙ ካሰበ በኋላ ከእሱ እጅ ወጥቶ ወንድሟ ቤት የሚገባው የመጀመሪያ ነገር ይህ በመሆኑ እንከን ሊኖርበት እንደማይገባ ነገራት። ሉጥፊያ ያን ቃል ጀብራ ድረስ ተሸክማው ሄደች። አንሶላ ስታሰጣም፣ ሰሃን ስታጥብም ከእሷ ጋር ነበር።

የደበቀችው ነገርም ነበራት። ሙባረክ በየጊዜው ይደውላል። ክረምቱ ሲገባ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፣ ልጆቹም ጌም የሚጫወቱበት ዋናው ጊዜ ያ ነው። ላፕቶፑ እስከዚያ ካልደረሰ የክፍሉ ባለቤት ለሌላ ሰው ሊያከራያት ነው። መጨረሻ በደወለበት ጊዜ ደግሞ እንደ ቀልድ አድርጎ የሰፈሩ ልጆች በበረሃው ወደ ሊቢያ ሊወጡ መሆናቸውን፣ ክፍሏ ካመለጠችው እሱም ከእነሱ ጋር እንደሚሄድ ነገራት። ገሠጸችው። እሱም ሳቀና "እሺ እታለም፣ አንቺው ታውቂያለሽ" ብሎ ዘጋ።

ስለ ክፍሏ ለተድላ ነግራዋለች። ስለ በረሃው አልነገረችውም። ብትነግረው በነጋታው ያገኘውን ማሽን ገዝቶ እንደሚልክ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ አርብ ሲመጣ በምን ምክንያት ወደ ዴም ትሄዳለች? "ሙቤ አፉ ነው እንጂ አይሄድም" ብላ ራሷን አሳመነች። ሰው ራሱን ሲያሳምን ደግሞ የሚከራከረው የለም፤ ሌሊቱን ደህና ተኛች።

* * *

ስልኩ የጮኸው በሥራ ቀን፣ የልብስ ክምር ፊት ቆማ የነጋዴውን ጀለቢያ ስትተኩስ ነበር። ቁጥሩ የሱዳን ቁጥር ነው። ድምፁ ግን የሙባረክ ነበር።

ክፍሏ አምልጣው፣ በመተማ አቋርጦ፣ ገዳሪፍ አድሮ፣ ከኦምዱርማን ምዕራብ በሚገኝ ግቢ ውስጥ ከሌሎች ብዙ ልጆች ጋር መኪና እየጠበቀ ነው። ማምሻውን ይወጣሉ። ሳይነግራት ሊያልፍ አስቦ ነበር፤ ግን ሳህራን ከመግባቱ በፊት ድምፅዋን መስማት ፈለገ። እንዳትመጣ ለመናት። ከዚያ ስልኩን ተቀበሉት።

ሉጥፊያ ቁጥሩን መልሳ ደወለች። ያነሳው የኛው አገር ሰው፣ ገብረየስ የሚሉት ደላላ ነበር። የግቢውን አቅጣጫ ስትለምነው ረጋ ባለ ድምፅ "ልብስ ልታቀብዪው ከሆነ ነይ፣ ማንንም አልከለክልም" አላት። "ልትመልሺው ከሆነ ግን በከንቱ አትድከሚ፤ እሱ ከፍሎ ጨርሷል።" ምልክት እንዲሆኗት የአንዱን ነጋዴ ስም፣ የጎማ ሻጮቹን ሰልፍ፣ ሰማያዊውን በር ነገራት።

እመቤቷን ፈቃድ ስትጠይቅ ድምፅዋ ስለማይወጣ ሴትዮዋ ያመማት መሰላትና ሂጂ አለቻት። የካውያውን ሶኬት መንቀሏን ረስታ ከአጥሩ በር ተመለሰች፣ ነቅላ ወጣች። ለተድላ ስትደውልለት የምትናገረውን ሳታውቅ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ በረሃውንም፣ ክረምቱንም፣ እንደ ቀልድ የተባለውንም።  ከዚያ ተድላ የአውቶቡሱ መነሻ ላይ እንድትጠብቀው ብቻ ነገራት።

መጣ። ጥቁሩን ላፕቶፕ ታቅፎ፣ ሸሚዙ ከላብ ብዛት ገላው ላይ ተጣብቆ መጣ። በምን እንደገዛው አልጠየቀችውም፤ የጥገና ዕቃዎቹ ቦርሳ ትከሻው ላይ አልነበረም። 

* * *

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ብረቱን ይዘው ቆሙ። ድልድዩ ላይ መኪኖች ተጠላልፈው፣ ከበስተደቡብ አቧራ የቋጠረ ነፋስ ተነስቶ፣ ሰማዩ የጡብ መልክ ይዞ ነበር። ተድላ ከጆሮዋ አጠገብ ተናገረ።

"ማጠፊያው ምንም አልሆነም ነበር።"

"አውቃለሁ።"

ዞር ብሎ አያት።

"ነክቼ አይቼዋለሁ፣" አለች ሉጥፊያ። "ደህና ነበር። አንተ አይሆንም ስትል ደስ አለኝ።"

"ከተመረጠ በኋላ አትመጪም ብዬ ነው።"

"እኔም በረሃውን የደበቅኩህ ለዚያው ነው።"

ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህ ንግግር ለሁለቱ ሠርጋቸው በሆነ ነበር። ስንት አርብ የጠበቁት ቃል ይህ ነበርና። አሁን ግን ከአፋቸው የወጣው ዳኛ ፊት እንደሚሰጥ ቃል ሆኖ ነው። ሉጥፊያ የእሱን ፊት ማየት አልቻለችም፤ የሚወዳትን ሰው ፊት ማየት ያቃታት በዚያው እንደሚወዳት በነገራት ሰዓት ነበር።

አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር አንድ ነገር ለመነችው። ለሙባረክ እውነቱን እንዳይነግረው፤ ዛሬ አገኘነው እንዲለው። ተድላ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ይህ ሰው ስለ ማሽን በሕይወቱ የዋሸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለመዋጥ ሲታገል አየችው፤ አዘነችለት፤ በዚያው ቅጽበት ጠላችውም።

* * *

ሰማያዊው በር ተገርበብ ብሎ ነበር። ከውስጥ የብዙ ሰው ማጉረምረም፣ የጄሪካን ግጭት ይሰማል። ገብረየስ ሁለቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ ልጁን ጠራና እሱ ራሱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ቆመ።

ሙባረክ ቁመቱ ጨምሯል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። እህቱን አቅፎ ቆየ፤ ከዚያ መክሳቷን ነገራት፤ እሷም መክሳቱን ነገረችው፤ ሁለቱም በዚህ ትንሽ ሳቁ። ከዚያ ዓይኑ ተድላ ላይ ዐረፈ። ማተቡንም ላፕቶፑንም እኩል አያቸው።

"ይሄ ማነው?"

"ላፕቶፕህን የመረጠልህ ሰው ነው፣" አለች ሉጥፊያ። "አመጣንልህ ሙቤ። ይኸው። አሁን ወደ አገርህ ትመለሳለህ።"

ተድላ ማሽኑን በሁለት እጁ ዘረጋለት። ሙባረክ ተቀበለው። ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብሎ ከጭኑ ላይ ከፈተው። ስክሪኑ ሲበራ ፊቱ አብሮ በራ፤ ያ ፊት እንደገና የምታውቀው የሰፈር ልጅ፣ የኳስ ነገር ሲነሳ ዓይኑ የሚስቅ ልጅ ፊት ሆነ። ግራፊክሱ ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ተድላ ነገረው። ባትሪው ምን ያህል እንደሚይዝ ጠየቀ። ያንንም ነገረው። ሙባረክ በዝግታ ራሱን እየነቀነቀ ክፍሏን ቢያጣም ከመስጊዱ ማዶ ሌላ ክፍል ሳትኖር እንደማትቀር፣ የአጎታቸው ልጅ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ እንደሚያውቅ ማጉረምረም ጀመረ። ለራሱ ነበር የሚያወራው። ሉጥፊያ ሰማችው። ልጁ እየተመለሰ ነበር። በዓይኗ ፊት፣ እግሩን ሳያነሳ፣ እየተመለሰ ነበር።

ቀና ብሎ ተድላን አየው። "ወንድሜ፣ አላህ ይስጥህ። ለማታውቀው ሰው እንዲህ ያለ ማሽን ፍለጋ ስንት ተንከራተትክ። መቼ አገኛችሁት?"

"ዛሬ፣" አለች ሉጥፊያ ፈጥና።

ሙባረክ መልሱን ከተድላ ይጠብቅ ነበር። ያ ምስጋና ተድላ ላይ ምን እንዳደረገ ሉጥፊያ ከፊቱ አነበበች። በዓይኗ ለመነችው። አላየ እንደሆነ፣ አይቶም አልችል ብሎት እንደሆነ እስከ ዛሬ አታውቅም።

"ቆይቷል፣" አለ ተድላ። "ሱቅ ውስጥ ነበር። ደህና መሆኑን አውቅ ነበር። አይሆንም ያልኩት እህትህ አርብ አርብ መምጣቷን እንዳትተው ብዬ ነው። ምስጋናህ አይገባኝም።"

ከግቢው ውስጥ የመኪና ሞተር ተነሳ፤ እያንኳኳ ቆየ። ሙባረክ ወደ እህቱ ዞረ። "አንቺስ ታውቂ ነበር?"

መዋሸት ትችል ነበር። ግን ወንድሟ ሕፃን ሆኖ ጀርባዋ ላይ አዝላው ያደገች ናት፤ ዝምታዋን ማንበብ ከማንም በላይ ያውቃል። ዝም አለች።

"እኔ ስልክሽን ስጠብቅ፣" አለ ቀስ ብሎ፣ "እናንተ ትጫወቱ ነበራ።"

ክዳኑን ዘጋ። ተነስቶ ማሽኑን ለተድላ መለሰለት፤ አልወረወረውም፣ እንደ ሰው ዕቃ ተጠንቅቆ ነው የመለሰው። ሉጥፊያ እጁን ያዘችው። እንዲመታት፣ እንዲሰድባት፣ ግን እንዲመለስ ለመነችው። ጥፋቱ የእሷ ነውና እሱ ለምን ይቀጣበታል አለችው። ሙባረክ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ።

"ልቀጣሽ አይደለም እታለም። እዚያ ተቀምጬ ያን ማሽን በከፈትኩት ቁጥር ይሄ ቀን ትዝ ይለኛል። በሱ እንጀራ መብላት አልችልም።"

ገብረየስ "ያላ፣ እንሂድ" አለ። ሙባረክ በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ጀርባውን እንደሰጠ ለተድላ ተናገረ።

"ሃይማኖትህን ልጠይቅህ ነበር። ግን እሱ አገሩ የሚቀር ሰው ጥያቄ ነው። እስክደውል ድረስ ብቻዋን እንዳትተዋት።"

በሩ ተዘጋ። ለስንት ጊዜ የተመኙት የወንድም ቃል ተሰጥቷቸዋል። ሉጥፊያ ግድግዳውን ተደግፋ መኪናው ማርሽ ሲቀይር፣ ሲርቅ፣ ከሌሎች ድምፆች ጋር ሲቀላቀል ሰማች። አላለቀሰችም። ለማልቀስ የሚያስፈልገው ጉልበት ከመኪናው ጋር ሄዷል።

* * *

ሲመለሱ አውቶቡሱ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ጎን ለጎን ተቀመጡ። አቧራው ገና ስላልሰከነ መኪኖች ገና ሳይጨልም መብራታቸውን አብርተዋል። ተድላ ማሽኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ወደ ፊት ያያል።  መዋሸት ነበረበት ብላ ልትፈርድበት ፈለገች፤ አልቻለችም። ስለ ማጠፊያው ሲዋሽ ደስ ብሏት ነበርና።

ሂሳብ ሰብሳቢው መቀመጫዎቹን እየተደገፈ መጣ። ጎልማሳ፣ ድክም ያለ ሰው ነው። ለሁለት ሰው መሆኑን ጠየቀና ሉጥፊያን በአገጩ እያመለከተ "ሚስትህ ናት?" አለው።



"አዎ፣" አለ ተድላ።

ሉጥፊያ ይህን ቃል ከእሱ አፍ ብትሰማ ምን እንደምትሆን ብዙ ጊዜ አስባ ነበር፤ አንሶላ ስታሰጣ፣ ሰሃን ስታጥብ። አይደለሁም ልትል አሰበች፤ አዎ ልትልም አሰበች። ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ መዳፏ ላይ አኖረችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከእንግዲህ ደስታ ወደ እሷ ቢመጣ እንኳ ሙባረክ ገና ባልደወለበት በዚህ ስልክ በኩል ፈቃድ ጠይቆ ማለፍ እንዳለበት ገባት፤ እሱም ይህንኑ እያሰበ መሆኑ ከትንፋሹ ያስታውቅ ነበር።